የመጀመሪያው ቀን ማዕድ

ዶን ፌዴሌ ሰኞ ጠዋት አረፉ። ደወሉ ሲደወል እኔ እስከ ክርኔ ሊጥ ውስጥ ነበርኩ። በከተማችን በፔትራሮላ ለሴት ሁለት ጊዜ፣ ለወንድ ሦስት ጊዜ ነው የሚደወለው። ሦስተኛውን ስሰማ እጄ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዶን ፌዴሌ፣ የመድኃኒት ቤቱ ጌታ፣ ታመው ከተኙ ሁለት ወር አልፏቸው ስለነበር፣ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሟቹ አልነበረም። «ሩጄሮ ይመጣል» ነው ያልኩት። ለገና ያልመጣው፣ ለፋሲካ ያልመጣው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ ዛሬ ሲል የከረመው ሩጄሮ አባቱን ሊቀብር የግድ ይመጣል። ደስ አለኝ። በሰው ሞት ደስ እንዳለኝ ሳውቅ ደግሞ ደነገጥኩና አማተብኩ፤ ግንባሬ ዱቄት ሆነ።

ሳቪና እባላለሁ። የዳቦ ጋጋሪው የማስትሮ ዶናቶ ልጅ ነኝ። የከተማው ሴቶች ሊጣቸውን ተሸክመው የሚመጡት እኛ ምድጃ ዘንድ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአባቴ ጋር ምድጃውን የምይዘው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በእኛ አገር ይህ ዕድሜ «ቆማ ቀረች» የሚባልበት ነው። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል። እሳት አፍ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው ምን እንዲሆን እንደሚጠብቁ አላውቅም።

ሩጄሮ የዶን ፌዴሌና የዶና ኤርሲሊያ አንድ ልጅ ነው። ቤታቸው ሠራተኛ እያለች ዳቦውን ራሱ ሊወስድ ይመላለስ ጀመር። ትኩሱን ዳቦ ኮቱ ውስጥ ወሽቆ «አቃጠለኝ» ይላል፣ እኔ «ታዲያ ማን እቀፈው አለህ» እላለሁ፣ ይስቃል፣ አይሄድም። እንዲህ እንዲህ እያለ የማይሄደው ሰውዬ አንድ ቀን ሄደ። ቶሪኖ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ የመሐንዲስ ሥራ አገኘ። «አባቴን አናግሬ እወስድሻለሁ» ብሎኝ ባቡር ላይ ወጣ።

ደብዳቤዎቹ የሚመጡት በአክስቴ በሜንጋ ስም ነበር፤ እሷ ማንበብ አትችልም፣ ምሥጢር መጠበቅ ግን በግዷ ትችላለች። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ ሲያሻው። የመጨረሻው የመጣው በነሐሴ ነው። «ሳቪና፣ እዚህ ዳቦው ነጭ ነው፣ ሽታ የለውም። ስመጣ አባቴን አናግራለሁ» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። እኔ ሞኟ ያን ወረቀት ይዤ እስከ ኅዳር ደረስኩ።

ዶና ኤርሲሊያ ነገሩን ያወቁ ቀን ዳቦ ቤታችን በር ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለው ሄደዋል። አህያይቱ ማን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ አመዱስ ምድጃችን ውስጥ ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሰላምታ አልሰጡኝም።

አባቴም ታከተው። ቆላ ከተማ ውስጥ ካታልዶ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ጋጋሪ ነበር። ጠይቆኛል። አባቴ እሑድ መልስ እሰጥሃለሁ ብሎታል። ስለዚህ ዶን ፌዴሌ በሞቱበት ሳምንት የቀረኝ እስከ እሑድ ነው።

*

ማክሰኞ ከሰዓት ቀበርናቸው። ዝናብ ነበር። ሩጄሮ ጠዋት በባቡር ደርሶ ነበርና ከሬሳው ሳጥን ኋላ፣ እናቱን ደግፎ ሄደ። ከስቷል። ኮቱ የከተማ ኮት ነው፤ ትከሻው የድሮው ትከሻ ነው። እኔ ከሴቶቹ ኋላ፣ ከአክስቴ አጠገብ ቆሜ አንገቴን እንደደፋሁ ነበር።

አፈሩ መውደቅ ሲጀምር ቀና አለና ሰውን በዓይኑ ፈለገ። አገኘኝ። ዝናቡ እየወረደበት ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ እንደዚያው ሆኖ ቆየ። ረጅም ጊዜ ነው የቆየው። አጠገቡ ያለው ሰው ክንዱን እስኪነካው ድረስ ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ለዚህ ነበር አልኩ፤ ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ ያን እጅ አመንኩት።

ከመቃብር ስንመለስ አክስቴ ሜንጋ ጣቶቿን ትቆጥር ጀመር። ሰው የሞተበት ቤት ስምንት ቀን እሳት አይነድም። ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ሰው በተራ አብስሎ ያበላል። ኮንሶሎ እንለዋለን፤ ማጽናኛ ነው። ተራውን የምታወጣው ደግሞ አክስቴ ናት፤ ጳጳሱ ራሳቸው ቢመጡ የሜንጋን ተራ አይሽሩም። ሁለተኛው ቀን የክርስትና እናት ነው፣ ሦስተኛው የቅርብ ጎረቤት ነው፣ እያለ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቀን ግን፣ ከቀብሩ ማግስት እኩለ ቀን ላይ የሚበላው፣ የአማቶች ነው። ልጅ የሰጠና ልጅ የተቀበለ ቤት ብቻ ነው የሚያመጣው፤ አማት ለሌለው የሥጋ ዘመድ ወይም የቄሱ ቤት ይሸፍንለታል።

«የመጀመሪያውን ማን ይዞታል?» አልኳት።

«ባሪ ከተማ ያለችው እህታቸው ትይዘዋለች ብዬ ነበር፤ ሆስፒታል ገባች አሉ። ልጁ አላገባ፣ አማት ከየት ይምጣለት? ለቄሱ ቤት ሠራተኛ እነግራታለሁ።»

«አትንገሪያት።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ እወስደዋለሁ።»

አክስቴ ዝናቡ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ዱቄቱ ጭንቅላትሽ ውስጥ ገባ እንዴ? የመጀመሪያ ቀን ድስት ተሸክማ አደባባይ ያቋረጠች ሴት ምን ማለት እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«ስላወቅኩ ነዋ።»

«ቢመልሱሽስ? ዶና ኤርሲሊያ ናቸው እኮ! ከመለሱሽ ካታልዶ እንኳን አያገባሽም። ሁለት ልጅ ይዞ፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ እሱም አያገባሽም!»

«አይቶኛል፣ አክስቴ። መቃብሩ ላይ እንዴት እንዳየኝ አላየሽም?»

«ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ድመትም ታያለች» አለችና ሄደች። ለቄሱ ቤት ሠራተኛ ግን አልነገረቻትም።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አካፋውን ከምድጃው አፍ አወጣ፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ እጁን ጠረገ። አባቴ ከመናገሩ በፊት ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ነው።

«እሑድ ለካታልዶ ምን ልበለው?»

«ነገ ከሰዓት እነግርሃለሁ፣ አባዬ።»

ወደ ጓሮ ወጣና ሁለቱን እንቁላል ጣይ ዶሮዎቻችንን አርዶ መጣ። እንቁላሉን የምንበላው ከእነሱ ነበር። ዓይኑን ማየት ከበደኝና ውሃ ልጥድ ዞርኩ።

*

መረቁን ቀስ እያለ እንዲበስል ጠዋት ጣድኩት። ለሐዘን ማዕድ ቲማቲም አይገባም፣ ጥብስ አይገባም፣ ጣፋጭ አይታሰብም። ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ ሴለሪ፣ ትንሽ የበግ አይብ፣ ከተፈጨ ሥጋ የተድበለበሉ እንደ ባቄላ ያነሱ ፍሬዎች፣ ጥቃቅን ፓስታ። ጨውን ሦስት ጊዜ ቀመስኩት። ራሴን አላመንኩትም። አራት ዳቦ መርጬ በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩ። የመዳቡን ድስት ራሴ ላይ አስቀመጥኩና ልክ እኩለ ቀን ላይ ወጣሁ።

ከዳቦ ቤታችን እስከ እነሱ ደጅ ያለው አደባባይ መቶ ሃያ እርምጃ ነው። የዶን ፌዴሌ ጥቁር ጠርዝ ያለው የሞት ማስታወቂያ በየግድግዳው ተለጥፏል፣ ሙጫው ገና አልደረቀም። ቡና ቤቱ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች እጃቸው ላይ ያለውን ካርታ ረሱት። ሴቶቹ በየበሩ ወጡ። አንዲቷ «ወይ ማርያም» ስትል ሰማሁ። ድስት ራሷ ላይ ያለ ሴት አንገቷን መድፋት አትችልም፣ ስለዚህ ቀና ብዬ ሄድኩ። ኩራት ይመስላቸው ይሆናል፤ ፍርሃት ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ መስታወቶቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል። ዶና ኤርሲሊያ ጥቁር ለብሰው፣ ሰባት ስምንት ሴቶች፣ አክስቴም ጭምር፣ ከበዋቸው ተቀምጠዋል። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣቸውም፤ ሰው ሁሉ ይህን ሲያወራ ነበር። ሩጄሮ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ከደስታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ፍቅር የማይፈጥረው ሰበብ የለም።

ዶና ኤርሲሊያ ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ከየት ነው?» አሉ፤ ከየት እንደሆነ ለመጠየቅ ሳይሆን አፌ እንዲናገረው ፈልገው ነው።

«ከማስትሮ ዶናቶ ቤት» አልኩ። «ከእኔ።»

አክስቴ ሜንጋ መቁጠሪያዋን መቁጠር ተወች። ዶና ኤርሲሊያ ያችን «ዘመድ ከዘመዱ» ያሉባትን አፋቸውን ከፈቱ፤ ገና ሳይናገሩ እኔ በሩን በዓይኔ መፈለግ ጀምሬ ነበር።

«አስቀምጪው እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ። «መጀመሪያ ለልጄ ቅጂለት። ከትናንት ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም።»

ለልጄ ቅጂለት! ይህን ቃል በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን፣ ለሌላ ሴት አይሉትም፤ ለምራት ብቻ ነው። ጭልፋውን አነሳሁ። ሴቶቹ ተያዩ። ለሩጄሮ ቀዳሁለት፣ ለእናቱ ቀዳሁላቸው፣ ለሁሉም ቀዳሁ። ዶና ኤርሲሊያ ሦስት ቀን ያልበላ ሰው አበላል በሉ። «ጨው አልበዛበትም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከእንግዲህ ሞቴን አልፈራም አልኩ፤ ሦስት ዓመት ብቻ አይደለም፣ ሠላሳም ብጠብቅ ይገባው ነበር አልኩ።

በኮንሶሎ ማዕድ ላይ ምስጋና የለም። የበላ ዝም ብሎ ይነሳል፣ ያበላ ዝም ብሎ ይቀበላል። ሰው የገዛ እጁን አያመሰግንም። የተመሰገነ ሰው ባዳ ነው፤ «እዚህ ድረስ ነው መጠንህ፣ ደጁን እወቀው» ማለት ነው። በፔትራሮላ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

ሩጄሮ ሳህኑን ጨረሰ። አፉን ጠረገ። ተነሳና ጠረጴዛው ላይ እያየ፣ እኔን ሳያይ፣ «ሳቪና፣ በጣም አመሰግናለሁ» አለ። «ውለታሽን አንረሳውም።»

የአክስቴ ማንኪያ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ፊቴ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

*

ውሃ ላምጣ ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ተከትሎኝ መጣ። ጉድጓዱ አጠገብ ቆምን።

«ረስተኸው ነው፣ አይደል?» አልኩት። «ቶሪኖ ለሁሉም ነገር ያመሰግናሉ አሉ። የትራም ሹፌሩንም ያመሰግናሉ። ረስቼው ነው በለኝ፤ ገብቼ እነግራቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ያልቃል።»

የጉድጓዱን ገመድ እጁ ላይ ይጠመጥም ጀመር።

«በል እንጂ፣ ሩጄሮ!»

«አልረሳሁትም።»

«ትናንት እጅህን ደረትህ ላይ ያደረግከውስ?»

«ይቅር በይኝ ማለቴ ነበር። ይገባሻል ብዬ አሰብኩ።»

ገባኝ። አሁን ገባኝ። ሴት ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲገባት ግን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስሟ ማን ነው?»

«ኦርኔላ። ቢሮ አብራኝ ትሠራለች። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ነው።»

«ታዲያ ደብዳቤ መጻፍ አቅቶህ ነው? እጅህ ተሰብሮ ነበር?»

«አሥር ጊዜ ጻፍኩት፣ አሥር ጊዜ ቀደድኩት። ዛሬም… ዛሬ ድስቱን ተሸክመሽ ስትገቢ…» ጭንቅላቱን ያዘ። «እናቴ ትመልስሻለች ብዬ ነበር፣ ሳቪና። በእናቴ እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ብትመልስሽ እኔ ምንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር።»

ይህኛው ከኦርኔላ ይልቅ አመመኝ። እናቴ አዋርዳ ታባርራት ብሎ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ እየጠበቀ ነበር። እናቱ አላዋረዱኝም፤ ሥራው ለእሱ ተረፈው።

«መረቁን ጨርሰህ ማመስገንህ ደግሞ ጥሩ ነው» አልኩት። ምላሴ ነው፤ ልቤ አይደለም የተናገረው። ከዚያ ልቤም መጣ። «በየገናው በየፋሲካው ደረቅ ዳቦ እልክልህ ነበር። አንድ ቀን እንኳን አመሰግናለሁ ብለህ ጽፈህልኝ አታውቅም። እንዴት እኮራበት እንደነበር ታውቃለህ? አክስቴ ‹ምን አለ?› ስትለኝ ‹አላመሰገነም!› እያልኩ እጨፍር ነበር። የራሱ አድርጎኛል እል ነበር።»

አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ የከተማ ኮት ለብሶ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። እጄ በሽርጤ ጫፍ እንባውን ሊጠርግለት ተነሳ። መለስኩት፤ መመለሱ ግን ከድስቱ ሸክም ይከብድ ነበር።

*

የመጀመሪያውን ቀን ማዕድ ያመጣች ሴት ባለቤቲቱ ከጠረጴዛው ሳይነሱ ጥላ አትሄድም። ስለዚህ ያ ሁሉ ዓይን ወዳለበት ቤት ተመልሼ ገባሁ። ሩጄሮ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆመ።

ዶና ኤርሲሊያ አጠገባቸው ያለውን ወንበር አስለቅቀው ነበር። «እኔ ዛሬ እዚህ ቤት ውስጥ ምንም አልሰማሁም» አሉ፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያዩ። «ሜንጋ፣ አንቺ የሰማሽው ነገር አለ?»

«እኔ?» አለች አክስቴ፤ ሦስት ቤት አልፎ የሚንሾካሾክ ሰው የምትሰማው አክስቴ። «አንዱ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ደንቆሮ ነው።»

«ሌላኛውስ?»

«እሱን ትናንት መቃብር ላይ ብርድ መታው።»

ማንም አልሳቀም። ዶና ኤርሲሊያ እጄን ይዘው ወደ ወንበሩ ሳቡኝ። «ተቀመጪ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከተቀመጥሽ ይመለሳል። እኔ አስመልሰዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ከዚህ ጠረጴዛ የሚያስነሳሽ የለም።»

እውነታቸውን ነበር። በእኛ አገር ከዚህ ባነሰ ነገር የተጋቡ አሉ። ብቀመጥ አፉን ዘግተው፣ ሰባት አጎት አዝምተው ያመጡልኝ ነበር። ዞሬ አየሁት። በሩን ተደግፎ እንደ ተከሳሽ ይጠብቃል። እምቢ የሚል ፊት አልነበረውም፤ ቢፈረድበት ይመጣ ነበር። ይመጣና በየቀኑ፣ በየምሳው፣ ከፊቴ ተቀምጦ ያስቀመጥኩለትን ይበላ ነበር። ፈለግኩት። ያን ወንበር እንደዚያ ቀን የፈለግኩት ነገር በሕይወቴ የለም።

«እኔ ሰምቻለሁ፣ ዶና ኤርሲሊያ» አልኩ። ሁሉም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

እጄን አልለቀቁትም። ከሰኞ ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ። ሴቶቹ ለባላቸው ያለቀሱ መስሏቸው «እሰይ፣ ይውጣልዎት» ማለት ጀመሩ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ክንዴ ላይ ደፍተው ለእኔ ብቻ ይናገሩ ነበር። «ያን ጊዜ በሬን ብከፍትልሽ ኖሮ እዚሁ ይቀር ነበር። እኔ ነኝ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ስለታሟ ምላሴ ጥላኝ ሄዳ ነበር።

እስኪነሱ ጠበቅኩ። ሳህኖቹን አጠብኩ። ድስቱን ተሸክሜ ወጣሁ። ከእኔ በፊት ወሬው አደባባይ ደርሷል፤ ይህን ያወቅኩት ካርታ ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ስላዞሩ ነው።

አደባባዩ መሃል ስደርስ አባቴን አየሁት። ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ዱቄት እንደሆነ፣ እየሮጠ ሳይሆን እየፈጠነ መጣ። ድስቱን ከራሴ ላይ አነሳና በብብቱ ያዘው። በፔትራሮላ ወንድ ልጅ ድስት ይዞ አደባባይ አያቋርጥም። እሱ አቋረጠ።

«በሉት?» አለኝ።

«በሉት፣ አባዬ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዳቦ ቤታችን በር ላይ ስንደርስ «ካታልዶን አትምጣ እለዋለሁ» አለ።

«አትልፋ፣ አሁን ራሱም አይመጣም።»

ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም። ድስቱን አስቀመጠና የዳቦ ቤቱን በር ዘጋ። ምድጃው ሙቀት እያለው፣ ደንበኛ ሊመጣ እያለ፣ ያን በር ቀን በቀን ሲዘጋ አይቼው አላውቅም። ያኔ ዱቄት ከረጢቱ ላይ ወድቄ ተንሰቀሰቅኩ።

አባቴ ውርደቱ መስሎት «ሰው ይረሳዋል፣ ልጄ፣ ሰው ሁሉን ይረሳል» እያለ ጀርባዬን ይደባብሰኝ ነበር። ውርደቱ አልነበረም። ሩጄሮን እንባው ሳይደርቅ እዚያ በር ላይ ብቻውን ትቼው መጥቻለሁ፤ እንባውን የሚጠርግለት ሰው በዚያ ቤት ውስጥ የለም። ይህን እያሰብኩ ነበር የማለቅሰው።